ከድልዎ ላይ አንዲት ድምፅ እንዲቀንሱልን

ይድረስ ለክቡር ቴዎፊል ብራንሾ፣ ለሳንት ኦርላ ደሴት ፕሬዚዳንት፣ ዘጠኝ ሺህ መራጭ ባለበት አገር ዐሥራ አራት ሺህ ድምፅ ለተሰጣቸው ጌታ።

ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድዎታል? እህል ይስማማዎታል? አዲሱ ወንበርስ ጀርባዎን አልጎረበጠዎትም? እኛ የመቱ ሰዎች፣ በኢትዮጵያ በኢሉባቦር ያለነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቶልናል፣ በቆሎው ተሰብስቧል፣ ቡናውም መቅላት ጀምሯል። ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ ደህና ይሁን አይሁን አጣርተን አናውቅም። እርስዎ ግን አጣርተው ያውቃሉ፤ ይህን ወረቀት የጻፍኩልዎም ስለዚያው ነው።

ስሜ ደርበው ምንዳዬ ይባላል። እርስዎ አያውቁኝም፤ በዚህ አልቀየምም፣ እኔም እርስዎን ያወቅሁዎ በክፉ ነው። ሥራዬ ነገረ ፈጅ ነው። አንደበት የሌለው ሰው ሲበደል ስለሱ ዳኛ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ ተከራካሪዬ ሲዋሽ ደግሞ ኩታዬን አደግድጌ ዋስ እንዲጠራ አስይዘዋለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል ያስቆጠረኝ ድቁናውን ጥሎ የመጣ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሕጉን የተማርኩት ችሎት ዳር ቆሜ፣ አንዱ ሲረታ ሌላው ሲቀጣ እያየሁ ነው። ስለዚህ ቃሌ ቢሻክርዎ ይቅር ይበሉኝ። ወደ ፈረንሳይኛ የሚመልስልን ጎሬ ያለው የግሪክ ነጋዴ ነው። «ትንሽ ላለዝብልህ እንዴ?» ቢለኝ፣ አንዲት ቃል እንዳይነካ በመስቀል አስምዬዋለሁ። ግልባጩ በገበያ ቀን መቱ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል። እርስዎ ሕዝብን በአደባባይ የሚጠሩ ሰው ስለሆኑ፣ በአደባባይ መጠራትን አይጠሉም ብዬ ነው።

ነገሬ ስለ ወልደ ማርያም ነው። በእርስዎ መዝገብ ስሙ ጆዜፍ ላባዲ ነው። የእርስዎ ደሴት ተወላጅ፣ የኛ አናጢ። በ፲፱፻፲፰ ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ ባሮ ሞልቶ መርከብ በሚገባበት ወራት፣ ጋምቤላ ወርዶ ከዚያ በበቅሎ በጎሬ በኩል ወደኛ መጣ። ለአንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን ሊሠራ ለሦስት ወር የመጣ ሰው ሰባት ዓመት ቆየ። ክርስትና ተነሥቶ ወልደ ማርያም ተባለ፣ እታፈራሁ ዳምጤን በቁርባን አገባ። አማርኛውን ከኛ፣ ኦሮምኛውን ከገበያ ለቀመ። ሲቆጣ ሁለቱንም ከአገሩ ቋንቋ ጋር ይቀላቅላቸው ስለነበር፣ ማንን እንደተቆጣ ሳናውቀው ይበርድለት ነበር።

ስለ ምርጫ የነገረን እሱ ነው። እኛ ዘንድ ጌታዬ፣ ሹም እንደ በረዶ ከላይ ነው የሚወርደው፤ የወረደበት ሰው ራሱን ይሸፍናል እንጂ ለምን ወረድክብኝ አይልም። ወልደ ማርያም «እኛ አገር ሹሙን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፣ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ይጨምራል፣ ከዚያ ይቆጠራል» ሲለን ተረት መስሎን ሳቅን። አላምን ስንለው አሳየን። የማኅበራችን አለቃ ዐርፈው ሌላ መሾም ሲያስፈልግ፣ ከዋንዛ እንጨት ሳጥን ሠርቶ ክዳኗን ቀደዳት፣ ለያንዳንዳችን ነጭና ቀይ የበቆሎ ፍሬ አደለን። ነጩ ለአቶ አምባዬ፣ ቀዩ ለኔ። በቆሎው የተቆላ ስለነበር አንደኛው ማኅበርተኛ ድምፁን ቆርጥሞ በላትና «ሌላ ስጡኝ፣ ይቺ ጨው ይጎድላታል» ብሎ አሳቀን። ዐሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ሳጥኗ ስትከፈት ሃያ ሁለት ፍሬ ተገኘ።

ሦስቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እጀ ጠባቤ ውስጥ ይዤ ነው የመጣሁት።

ወልደ ማርያም አልጮኸም፣ ስሜንም አልጠራም። ሳጥኗን ገልብጦ ፍሬውን ሁሉ መሬት ላይ አፈሰሰና «እንደገና» አለ። እንደገና ተመረጠ፣ አቶ አምባዬም በአምስት ፍሬ ረቱኝ። እንግዲህ እርስዎን የምከሰው ንጹሕ ሆኜ አይደለም፤ ሙያውን ስለማውቀው ነው። ሦስት ፍሬ የሰረቀ ሰው አምስት ሺህ የሰረቀ ጌታ ሲያይ የሚሰማው ቅናት ይሁን ሐፍረት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

በ፲፱፻፳፭ ክረምት ለወልደ ማርያም ከአገሩ ደብዳቤ መጣለት። መምህር የሆነው ታናሽ ወንድሙ ኤሚል ከእርስዎ ጋር ለምርጫ ሊቀርብ ነው። ወልደ ማርያም መጋዙን ሰቀለና ስንቁን ማሰናዳት ጀመረ። እታፈራሁ «ለአንዲት ወረቀት ብለህ ባሕር ትሻገራለህ?» አለችው። «አንዲት ስለሆነች ነዋ! ሁለት ብትሆን ኖሮ አንዷን ሌላ ሰው ያደርስልኝ ነበር» አላት። በሚመጣው ክረምት በመርከቡ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

እሱ ሳይሆን በሚያዝያ ወር የሌላ ሰው ደብዳቤ መጣ። የጻፈው ሲሞን የሚባል የደሴትዎ ሰው፣ የመርከብ ምግብ አብሳይ ነው፤ ከምሽግዎ እስር ቤት ወጥቶ ባሕር ማዶ ከደረሰ በኋላ ነው የጻፈው። ሁለቱን ወንድማማቾች የኤሚልን ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ ወታደሮችዎ በጥቅምት ያዟቸው ይላል። ወልደ ማርያም በዱላና በንዳድ ተዳክሞ፣ ቀኑን ስናሰላው ኅዳር ፲፪፣ በሚካኤል ዕለት፣ «በኔ ክንድ ላይ ዐረፈ፣ ዓይኑን የከደንኩለት እኔ ነኝ» ይላል ሲሞን። ቄስ አልመጣም፤ ኖራ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ጨመሩት ይላል። ከዚያ በታች ስለ ራሱ ምንም አልጻፈም።

አሁን የሚመጣው ስህተት የኔ ነው፤ በእርስዎ ላይ አላላክከውም። እታፈራሁ ደብዳቤው እንደተነበበላት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወደ ደብራችን ቄስ፣ ወደ መምሬ ሙሉብርሃን ልትሄድ ተነሣች። ፍትሐት ይደረስለት፣ ተዝካር ይውጣለት ልትል። እኔ ብልሁ፣ እኔ ሕግ ዐዋቂው፣ ደጅ ላይ ያዝኳት። «በአንድ ምስክር ሰው አይሞትም፣ መጽሐፉም ሕጉም ሁለት ይላል፤ ለመንግሥታቸው እንጻፍና ማኅተም ያለበት ቃል እናምጣ» አልኳት። «ጋሼ ደርበው፣ ይተዉት፤ እኔ ዐውቄዋለሁ» አለችኝ። አልተውኩትም። ለአገር ግዛት ሚኒስትርዎ ጻፍኩ።

መልሱ በዚህ ወር ገባ። ቀይ ማኅተም አለበት፣ ማኅተሙ የበግ ላት ያህላል። የግሪኩ ነጋዴ ሲመልሰው እንዲህ ይላል፤ «ዜጋ ጆዜፍ ላባዲ በመልካም ጤንነት ይገኛል። ማስረጃውም፣ በጥር ወር በሰባተኛው ቀን በወደብ ሰፈር ራሱ ቀርቦ ለክቡር ፕሬዚዳንት ለቴዎፊል ብራንሾ ድምፁን መስጠቱ ነው። የመዝገቡ ግልባጭ ተያይዟል።»

ኅዳር የሞተ ሰው ጥር ላይ መረጠዎት። ስለዚህ ጉዳይ የሚከተለውን ምስጋና በተራ በተራ እንዲቀበሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ። ሕዝብዎን ስላባዙት አመሰግናለሁ። ሌላው ንጉሥ ሕዝቡ እንዲበዛ ሰላም ይሰጣል፣ ዝናብ ይለምናል፣ ሃያ ዓመት ይጠብቃል፤ እርስዎ ግን ዘጠኝ ሺህ የነበረውን በአራት ቀን ዐሥራ አራት ሺህ አደረጉት። ይህን በገበያ ሳወራ ከያዮ ማር ይዞ የመጣ አንድ ሽማግሌ እንስራውን አስቀምጦ «ነምኒ ዱኤ ኒ ፊለታ?» አለኝ፤ የሞተ ሰው ይመርጣል እንዴ ማለቱ ነው። ይመርጣል አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው እዚያ አገር መሞት ምን ጥቅም አለው?» ብሎ ማሩን ተሸክሞ ሄደ። ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ።

ሁለተኛ። ስለ ኤሚል ላባዲ አመሰግናለሁ። ሚኒስትርዎ በዚያው ደብዳቤ ግርጌ፣ ተወዳዳሪው «በገዛ ፈቃዱ» ምርጫውን እንደተወ ጽፈውልናል። ሲሞን እንደሚለው ኤሚል በዚያን ሰሞን እግሩ ከግድግዳ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ነበር፤ በኋላም ወደ ሌላ ደሴት በግዞት ወስደውታል። ሰንሰለት ለሰው ፈቃድ እንደሚሰጠው በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። እኛ አገር ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ፤ ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይለዋል። ለምርጫም ይህ ቢደረግ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ እርስዎና ኤሚል በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝታችሁ ሕዝቡ ፊት ብትቆሙ፣ ቢያንስ ሰንሰለቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ዕኩል ታውቁት ነበር።

ሦስተኛ። ሳጥኖቹን ስለጠበቋቸው። በምርጫው ቀን ከሰዓት በኋላ ወታደሮች ከየሰፈሩ ሰብስበው ወደ ምሽጉ አስገቧቸው፣ ቆጣሪዎቹን ወደየቤታቸው ሰደዷቸው፣ በአራተኛው ቀን ቁጥሩ ወጣ ይላል ሲሞን፤ እሱ በእስር ቤቱ መስኮት ሲገቡ ቆጥሯቸዋል፣ ሲወጡም ቆጥሯቸዋል፣ የወጡት ይበልጣሉ። ሲታቀፉት የሚበዛ ነገር ያላት ዶሮ ብቻ ትመስለኝ ነበር።

አራተኛ። ወልደ ማርያም የሳጥኗን ቀዳዳ ሲያሳየን «ማን ምን እንደጨመረ እግዚአብሔርና ጨማሪው ብቻ ነው የሚያውቁት» ብሎን ነበር። እርስዎ ግን ማንን እንደመረጠ ጽፈው ላኩልን። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ነዎት፤ ጨማሪው ነዎት አልልም፣ ነውር ነው፤ እግዚአብሔር ነዎት ብል ደግሞ መምሬ ሙሉብርሃን ይቆጡኛል። እርስዎ ይምረጡ፤ መምረጥ ያውቁበታል።

አምስተኛው ምስጋና ስለ እታፈራሁ ነው፤ ይኸኛውን ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

ማኅተሙ የመጣ ዕለት ወረቀቱን ይዘን መምሬ ሙሉብርሃን ቤት ሄድን። መምሬ ደግ ሰው ናቸው፣ ጥፋታቸው ማኅተም ማክበራቸው ብቻ ነው። ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ደባብሰው «ልጄ እታፈራሁ፣ ደስ ይበልሽ እንጂ፣ ሕያው ነው!» አሏት። እሷም «ሕያው ከሆነ ለምን አልጻፈልኝም? እጁ ለድምፅ ከደረሰ ለኔ ለመጻፍ ምን ያዘው?» አለቻቸው። «እሱን ሲመጣ ትጠይቂዋለሽ» አሏት። ፍትሐቱን ለመነቻቸው። «የመንግሥት ማኅተም ሕያው ነው ሲል እኔ ፍትሐት ብደርስበት፣ በቁሙ ቀበርኩት ማለት እኮ ነው! ነፍስ አለብኝ ልጄ» አሉ። ፈሪ አይደሉም ጌታዬ፤ ያመኑት እርስዎን ነው። በዚህ በመቱ ከተማ ከልባቸው የሚያምኑዎ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ስማቸውን መዝግበው ይያዙልኝ፤ እንዳያስመርጧቸው ግን አደራ።

አርባው አለፈ፣ ሰማንያው አለፈ፣ መንፈቁ አለፈ። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው እነዚህ ቀኖች አሉት፤ ድሃም ቢሆን አሉት፣ ሌባም ቢሆን አሉት። ሰው ተሰብስቦ ይበላል፣ ይጸለይለታል፣ ነፍሱ ትሸኛለች፣ የቀረውም ሰው ከዚያ በኋላ እንባውን ጠርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። እታፈራሁ ከየት ትመለስ? ጥቁር ስትለብስ ጎረቤቶቿ «ባሏ በቁሙ እያለ ታሟርትበታለች» ይሏታል፤ ነጭ ስትለብስ ደግሞ «የጨካኝ ልብ፣ ባሏ ሞቶ ትኳላለች» ይሏታል። ለቅሶ ሊደርሷት መጥተው የነበሩት ሴቶች ማኅተሙ ከመጣ በኋላ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊሏት መጡ። እሷም ቆማ ተቀበለቻቸው። ያን ቀን ፊቷን አይተው ቢሆን ኖሮ ጌታዬ፣ ወንበርዎ ይጎረብጥዎት ነበር።

ባሏን መግደልስ ሌላም ገዳይ ይችላል። እርስዎ ሞቱን ነጠቋት።

ስድስተኛ። ይህ አጭር ነው። እኛን የሾመብን ማንም ሰው ማንን ትፈልጋላችሁ ብሎ ጠይቆን አያውቅም። በዚህ ምክንያት ስለ መልሳችን ዋሽቶ አያውቅም። ወልደ ማርያም ስለ ደሴቱ ሲያወራ በዚህ እንቀና ነበር። እርስዎ ቅናታችንን አስለቅቀውናል፤ ይህም ምሕረት ነው፣ አመሰግናለሁ። ቅናቱን ግን ወዴት እንደምጥለው አልነገሩኝም። አንድ ሰው ሳጥን ገልብጦ «እንደገና» ሲል ባይኔ ባላይ ኖሮ፣ ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያውም ተረት ነበር ብዬ እተኛ ነበር።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልግባ። ልመናዬ ትንሽ ናት፤ እንዳይደነግጡ። ምርጫው ይፍረስ አልልም። ኤሚልን ሰንሰለቱን ፈትተው ወንበሩ ላይ ያስቀምጡት አልልም፤ ይህን የሚሉ የራስዎ ሰዎች አሉ፣ እስር ቤትዎ ሞልቷልና ያገኟቸዋል። የምለምነው አንዲት ድምፅ ነው። ከዐሥራ አራት ሺህ ላይ አንዲት ብቻ ቀንሰው፣ ጆዜፍ ላባዲ በምርጫው ቀን በሕይወት አልነበረም ብለው፣ በዚያው የበግ ላት በሚያህለው ማኅተም አትመው ይላኩልን። ድልዎ አይነቃነቅም። ከዐሥራ አራት ሺህ ላይ አንዲት ብትነሣ፣ ከባሮ አንድ ዋንጫ ውኃ እንደመቅዳት ነው። እኛ ግን በዚያች ዋንጫ አንድ ሰው እናጥብባታለን።

በእርግጥ ጊዜው አልቋል። ሙት ዓመቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ይህ ወረቀት ደሴትዎ እስኪደርስ ሦስት ወር፣ መልሱ እስኪመለስ ሌላ ሦስት ወር ነው። መርከቡም ከእንግዲህ እስከ ክረምት አይመጣም። ይህን ዐውቄ ነው የምጽፈው። እታፈራሁ «ጋሼ ደርበው፣ አሁን ደግሞ ምን ሊያመጡብኝ ነው?» ብላኛለች። ምንም አላመጣም አልኳት። ዝም ብዬ መቀመጥ አቅቶኝ ነው አልኳት።

በደሴትዎ ተወልጄ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሳላውቀው ሁለት ሦስት ጊዜ የመረጥኩዎ፣ ሞቼም ቢሆን ከመምረጥ የማልቦዝን፣ በኢሉባቦር ከፍታና በሩቅ ባሕርዎ መካከል ያለውን መንገድ ሁሉ እጅ እየነሣሁ የማልፍ፣ ትሑት ተከራካሪዎ፤

የእታፈራሁ ዳምጤ ነገረ ፈጅ፣ ደርበው ምንዳዬ
መቱ፣ ጥቅምት ፳፫ ቀን ፲፱፻፳፯ ዓ.ም.

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፤ ኅዳር ፲፬ ቀን።

ወረቀቴን ጎሬ ለግሪኩ የሚያደርስልኝ መንገደኛ በቅሎው ታማበት ሰነበተ፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ከእጄ አልወጣም። እስከዚያ የሆነውን ልንገርዎ።

ባለፈው እሑድ እታፈራሁ የእርስዎን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እቤቴ መጣች። ፊደል አታውቅም፤ የኛንም የእናንተንም። እኔ ላይ ላዩን የግሪኩን ትርጉም አንብቤላት ነበር እንጂ ስም የተደረደረበትን የመዝገብ ግልባጭ ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ የማይነበብ ነገር ማን ያያል? እሷ ግን ማኅተሙ ከመጣ ጀምሮ ሌላ ነገር ስታይ አልዋለችም። የባሏ ስም የትኛው መስመር እንደሆነ ከግሪኩ ጠይቃ ነበርና ጣቷን እዚያ ላይ አኖረች። ከላይና ከታች ካሉት ስሞች አጠገብ የተጠማዘዘ ጽሑፍ አለ፤ ከሱ ስም አጠገብ ግን አንዲት መስቀል ብቻ። «ጋሼ ደርበው፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለችኝ።

አየሁት። መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማው ቦታ የሚያደርጋት ምልክት ናት አልኳት።

ጣቷን ከመስቀሏ ላይ አላነሣችም። ከዚያ «ባሌ ይጽፋል» አለች።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በነገር የኖርኩ ሰውዬ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ይዤ አላየኋትም። ብድግ ብለን ወደ መምሬ ሙሉብርሃን ሄድን። የማኅበራችን መዝገብ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ወልደ ማርያም በገዛ እጁ፣ በአማርኛም በአገሩም ፊደል፣ የጻፈው ስሙ እዚያ አለ። ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። እኔም ኩታዬን አደግድጌ እንዲህ አልኩ፤ ምስክር በአንድ ቃል ሲዋሽ ከተያዘ ቃሉ በሙሉ ይወድቃል፣ ያስመሰከረውም ይረታል፤ ይህ ማኅተም ዋሽቷል፣ እንግዲህ የሚቀረን የሲሞን ቃል ነው፣ የሚቃወመውም የለም። መምሬ አንድ ጊዜ መዝገቡን፣ አንድ ጊዜ ማኅተሙን አዩ። «ነፍሱን ደጅ አስቆምኳት» አሉና አለቀሱ። ስለዚህም አመሰግንዎታለሁ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ለኔ ዓይነቱ ምላሰኛ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ደጅ ያስቆምኳት እኔ ነበርኩና።

በሚካኤል ዕለት ፍትሐቱ ተደረሰ። አስከሬን ስለሌለን መጥረቢያውን፣ መጋዙንና መላጊያውን በነጭ ሸማ ላይ አኖርናቸው፣ ሰዉም በዚያ ዙሪያ አለቀሰ። እንኳን ደስ ያለሽ ያሏት ሴቶች ሁሉ መጡ። እታፈራሁ ራሷን ተላጭታ፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ እንዲህ ብላ ሙሾ አወጣች፤

ለሰው ሁሉ ደጃፍ ሲጠርብ የኖረ፣
ለራሱ በር አጥቶ በወኅኒ ቤት ቀረ።

እንግዲህ በሳንት ኦርላ በዐሥራ አራት ሺህ ድምፅ አሸንፈው በመቱ በአንዲት መስቀል ተረተዋል፤ ይግባኝ ካለዎት ችሎታችን በገበያ ቀን ነው። ከላይ የለመንኩዎን ልመና አንሥቻለሁ፤ ድምፁን ያስቀሩት፣ ይቁጠሩት፣ ደስ ይበልዎት። ኅዳር በመጣ ቁጥር ከመራጮችዎ አንዱን በቁርባንና በጸሎት የሚያስቡ ሰዎች እዚህ እንዳሉ ብቻ ይወቁ።

አንድ ምክር ግን በነጻ ልስጥዎ። እርስዎም ሟች ነዎት። ሙታን በሚመርጡበት አገር የእርስዎን መሞት ማን ያምናል? ቄስዎ መዝገቡን ገልጦ «ሕያው ናቸው፣ ትናንት እኮ መርጠዋል» ቢል፣ ሚስትዎ እንደኛዋ ሴት ጥቁር በነጭ እየቀያየሩ ሊኖሩ ነው። እንግዲያው ከአሁኑ አንድ የማይዋሽ ሰው ፈልገው አጠገብዎ ያኑሩ፣ ዓይንዎን ከድኖ ይመስክርልዎት። ካጡ ግን ወደኛ አይጻፉ። እኛ የነበረን አንድ ነበር፤ እሱንም ወስደዋል።